እናቴ ያላመነችው ፍሪጅ

ቤታችን ፍሪጅ የገባው በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ አገሩን ለቆ ከሚሄድ አንድ የውጭ አገር መምህር ተገዝቶ ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ዕቃ ሱቅ ገብቶ አማርጦ መግዛት ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት የሚታሰብ አልነበረም። «ፈረንጁ ሊሄድ ነው» ሲባል ወሬው ከዘበኛው ወደ ሠራተኛዋ፣ ከሠራተኛዋ ወደ ሰፈሩ ይዛመትና አልጋው፣ ምንጣፉ፣ ቴፑ በየተራ ባለቤት ያገኛል። ለአባቴ የደረሰው ባለ አንድ በር፣ ጣልያን ሠራሽ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ቀለሙ የለቀቀ ነጭ ፍሪጅ ነበር። በጋሪ መጣ፤ የግቢው ወንዶች ተረባርበው ሳሎን አስገቡትና ከቡፌው ጎን ተቀመጠ። ወጥ ቤታችን ከዋናው ቤት ተነጥሎ የቆመ፣ ጭስ የጠገበ፣ ሶኬት የሌለው ጭቃ ቤት ነበር፤ ሶኬት ቢኖረውም ግን ፍሪጁ ወደዚያ የሚሄድ አይመስለኝም። እንግዳ የማያየው ፍሪጅ ምኑ ፍሪጅ ነው? እናቴ ዳንቴል ሠርታ አናቱን አለበሰችው። ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የአባቴ ሬዲዮ ተደረደሩ።

ያም ሆኖ አላመነችውም። ወለወለችው፣ አሳመረችው፣ ከሕፃን እጅ ጠበቀችው እንጂ ወጧን አልሰጠችውም።

«ብርድ ምግብ አያቆይም፤ ያደነዝዘዋል እንጂ» ትል ነበር። ያን ጊዜ ያልተማረች ሴት ወግ አጥባቂነት ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ ነገሩን ሳነብ ግን ነጥቡን አልሳተችም። ብርድ ምግብ የሚያበላሹትን ተሕዋስያን አይገድልም፤ ያዘገያቸዋል። 4 ዲግሪ ላይ ቀስ ብለው ይራባሉ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ጨርሰው ይተኛሉ፣ ከፍሪጅ ሲወጡ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እሳት ግን ይገድላል፣ ጨው ውሃቸውን ይመጥጣል፣ ፀሐይ ያደርቃል። እናቴ የምታውቃቸው እነዚህን ሦስቱን ነበር፤ ማጀቷም በእነሱ የተሞላ ነው። በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ የተነጠረ ቅቤ በሸክላ ማሰሮ፣ ምጥን ሽሮና በርበሬ በቆርቆሮ፣ በጭሱ አቅጣጫ ገመድ ላይ የተሰቀለ ቋንጣ፣ የተረፈው እንጀራ ሁሉ ድርቆሽ ሆኖ በጆንያ። የወተት ዕቃዋን በወይራ ጭስ ታጥናለች። የበዓል ዶሮ ወጥ ጠዋትና ማታ ምድጃ ላይ ይወጣና እስኪንተከተክ ይፈላል፤ ከዚያ ተከድኖ ማንም ማንኪያ ሳይነክረው ይቀመጣል። በዚህ ዓይነት ሳምንት ይዘልቃል፤ በየቀኑም ጣዕሙ ይጨምራል። እንዲህ ላለው ቤት ፍሪጅ ምን ይጨምርለታል?

እንጀራን በተመለከተ ደግሞ ጭራሽ አይነሣባት። አንዲት ዘመናይ ጎረቤት እንጀራዋን ፍሪጅ ውስጥ ከትታ በማግስቱ እንደ ካርቶን እየተሰባበረ ሲወጣ እናቴ በዓይኗ ስላየች፣ ለብዙ ዓመት ምስክሯ ያ እንጀራ ሆኖ ኖረ። እውነትም ነው፤ ቂጣም ሆነ ዳቦ ቶሎ የሚደርቀው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ፍሪጅ ውስጥ ነው። በዚያ ብርድ ስታርቹ ቶሎ ይጠጥራል። ሙሉ በሙሉ በረዶ ቤት ቢገባ ግን ባለበት ይቆማል። በውጭ ያሉ ወገኖቻችን እንጀራቸውን በፍሪዘር አቆይተው ሲበሉ የኖሩት ለዚህ ነው።

አባቴ በበኩሉ ከብርድ ጋር የቆየ ትውውቅ ነበረው። ጤና ረዳት ነበር። የክትባት ፕሮግራሙ በ1972 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ሲጀመር እሱ መብራት ያልገባበት ወረዳ ይሠራ ነበር፤ የጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ የሚሠራው በነጭ ጋዝ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሱ ጋ እንሄድ ስለነበር ያንን ፍሪጅ አይቸዋለሁ። ከሥሩ እሳት ይነዳል፣ ከላዩ በረዶ ይጋገራል። ለልጅ ይህን የሚያህል ተአምር የለም። አባቴ ተንበርክኮ፣ ጣቱን በቱቦው መንገድ እየወሰደ ያስረዳን ነበር። ቱቦው ውስጥ ውሃና አሞኒያ አለ፤ እሳቱ ሲያሞቃቸው አሞኒያው ከውሃው ተለይቶ በእንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከኋላ በኩል ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደገና ሲተን የሚወስደው ሙቀት ከዚያው ከክትባቱ ክፍል ነው። ከዚያ ተመልሶ ውሃው ይውጠዋል። ሞተር የለውም፣ ድምፅ የለውም። ፈሳሹ የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ ግን ፍሪጁ ትንሽ እንኳ ካዘመመ አይበርድም። ስለዚህ አባቴ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አናቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ የውሃውን ጠርዝ እያየ፣ ከእግሩ ሥር ካርቶን እያጠፈ ይወሽቃል።

ትልቁ ሥራ ነበልባሉ ላይ ነው። ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነ ይጨሳል፤ ጥላሸቱ የጭስ መውጫውን ይደፍናል፤ ፍሪጁም መሞቅ ይጀምራል። ክሩን በመቀስ አስተካክሎ ይቆርጠዋል፣ ጭስ መውጫውን በረጅም ብሩሽ ይጠርገዋል፣ ጋዙን አጣርቶ ይሞላል። ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን አንብቦ በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይጽፋል፤ እሑድም፣ በዓልም ቢሆን። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል ካልሆነ እንቅልፍ የለውም። የፖሊዮው ክትባት ሙቀት ያበላሸዋል፣ የመንጋጋ ቆልፉ ደግሞ በረዶ ከነካው ዋጋ የለውም፤ ሁለቱም ግን ያው ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚያድሩት።

አዲስ አበባ ተዛውሮ ሲመጣ ይህንኑ አመሉን ይዞ መጣ። ፍሪጃችን ውስጥ ቴርሞሜትር ሰቀለ፤ በሩ ላይ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ለጠፈ። እናቴ ወረቀቱን አይታ፣ «አሁንስ ታማሚ አደረግከው» አለችው። ወረቀቱ ግን ከዳንቴሉ ጋር እኩል ዘመን ኖረ።

በሁለቱ መካከል ያለው ጦርነት ዝምተኛ ነበር። አባቴ ፍሪጁን ከግድግዳው አንድ ክንድ የማታህል ርቀት ያወጣዋል፤ ከኋላው ያለው ጥቁር የሽቦ ፍርግርግ ከውስጥ የወጣው ሙቀት የሚተፋበት ስለሆነ አየር ካላገኘ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል። እናቴ ሳሎኗ ጠማማ ሆኖ እንዲታይ አትፈልግም፤ ሲወጣ ጠብቃ በዳሌዋ ገፍታ ትመልሰዋለች። በመጨረሻ አስታራቂው ክረምት ሆነ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በሳምንትም የማይደርቀውን የልጆች ካልሲ እዚያ ፍርግርግ ላይ ሰቅላ ብትሞክረው በአንድ ሌሊት ደረቀላት። ከዚያ ወዲያ ክፍተቱን ራሷ ማስፋት ጀመረች። አባቴ ካልሲው አየሩን እንደሚዘጋው ያውቃል፤ ግን ቦታውን ስላገኘ ዝም አለ።

ታዲያ ወጥ ካልገባበት ምን ገባበት? የግቢው ዕቃ። በግቢያችን ውስጥ በየአቅጣጫው ተከራይቶ የሚኖረው ቤተሰብ ብዙ ነበር፤ ፍሪጅ ግን ያ አንድ ብቻ ነው። እናቴ ለራሷ ያላመነችውን ለጎረቤት ዕቃ በአደራ መዝገብ ያህል አስከበረችው። ለፋሲካና ለገና የቅርጫው በሬ ተከፋፍሎ ሲያልቅ፣ ከየመደቡ ለማግስት የተረፈው ሙዳ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይመጣል። ላስቲክ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ የማን ሥጋ የማን እንደሆነ እንዳይምታታ እያንዳንዱን በተለያየ ቀለም ክር ታስረዋለች፤ ከልብስ ስፌት ሣጥኗ። የቀዩ ክር የእገሌ ቤት፣ የቢጫው የእገሌ። ሥጋው ከነክሩ በረዶ ሲሠራ ጫፎቹ ብቻ ብቅ ብለው ይታያሉ። የሙስሊም ጎረቤታችን ሥጋ እዚያ እንደማይገባ ለማንም መናገር አያስፈልግም ነበር፤ የእነሱ መደርደሪያ የታችኛው ነው፣ ወተትና ፍራፍሬ ይቀመጥበታል። በረመዳን ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ትንሹ ልጃቸው ጀሪካኑን ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ እናቴም ከሰዓት በፊት ጀምሮ የሞላችውን ቀዝቃዛ ውሃ ሳይጠይቅ ትሰጠዋለች። አንድ ቀን እንኳ ሰዓቱን ስታሳልፍ አላየሁም።

የራሳችን መደርደሪያ በአጽዋማቱ ይመራ ነበር። ረቡዕና ዓርብ የጾም ከፍስክ እንዳይነካካ የላይኛው ለጥሉላት፣ መሐሉ ለጾም ተለይቷል። ሁዳዴ ሲመጣ ደግሞ ለ55 ቀን ጥሉላት ስለማይገባ፣ በቅበላ ዕለት ፍሪጁ ተነቅሎ ይራቆታል። ይህ ሥነ ሥርዓት ነበረው። በረዶው ከአንድ ጣት ከወፈረ ብርዱን ራሱ አፍኖ ይይዘዋል፤ ሞተሩ እየሠራ ውስጡ ይሞቃል። እናቴ ይህን ማንም ሳይነግራት ከሞተሩ ድምፅ ደርሳበታለች። መሬቱ ላይ ጆንያ ታነጥፋለች፣ ከበረዶ ቤቱ ሥር ሳፋ ታደርጋለች፣ ፍል ውሃ በድስት ሞልታ በረዶ ቤቱ ውስጥ ታስቀምጥና በሩን ገርበብ ታደርገዋለች። እኛ ልጆች ዙሪያውን ቁጢጥ ብለን የሚወድቀውን በረዶ እየተሻማን እንቆረጥማለን፤ ያ በረዶ የሥጋም፣ የሎሚም፣ የላስቲክም ጣዕም ነበረው፤ ግን ማን ይሰማል። ከዚያ ውስጡ ለብ ባለ ውሃና በሎሚ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ሽታ እንዲስብ በሳህን ከሰል ይገባል። በወይራ ብታጥነውማ ደስ ባላት፤ አባቴ አልፈቀደም።

ከሁሉ የሚከብደው አደራ ግን ሥጋ አልነበረም። ከኋላ ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ወታደር ስኳር በሽታ ስለነበረባቸው ኢንሱሊናቸው እኛ ጋ ይቀመጥ ነበር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚፈልገው ብርድ አባቴ በጤና ጣቢያ ሲጠብቀው የኖረው ያው ከ2 እስከ 8 ያለው ነው፤ በረዶ ከሆነ ደግሞ ቀልጦ ሲታይ ምንም የሆነ ባይመስልም አይሠራም። አባቴ ጠርሙሶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከበረዶ ቤቱ ራቅ አድርጎ፣ መሐለኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ አኖራቸው። ያንን ጥግ ማንም እንዳይነካ ተነገረ። ሽማግሌው አንድ ጠርሙስ ሲጨርሱ በማለዳ በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ደህና አደርሽ ልጄ? ወታደሮቼ ደህና አደሩ?»

«ይመስገን ጋሼ፤ ይግቡ፣ ሻይ ደርሷል።»

ፍሪጁ ሲሠራ ጀምሮ ቁልፍ ነበረው። ብዙ ቤት በዚያ ዘመን ፍሪጅ ይቆለፋል፤ ልጅ ስኳርና ሙዝ እንዳይሰርቅ። የእኛ ግን አይቆለፍም። ሰውዬው በሌሊት ቢያማቸውና እናቴ ቁልፉን ብታጣው ምን ሊኮን ነው ተብሎ፣ ቁልፉ ተጣለ።

መብራቱ እንደዛሬው ያን ጊዜም ይሄዳል፤ ይመጣል። ሲሄድ እናቴ ከወንበሯ ተነሥታ ሶኬቱን ትነቅላለች፤ ሲመለስ በጉልበት እንደሚመጣ ታውቃለች። ማንም ሳይነግራት ደግሞ መብራቱ ከመጣ በኋላም ቶሎ አትሰካውም ነበር። ቡና ከተጣደ አቦሉ እስኪወርድ ትጠብቃለች፤ ካልተጣደ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። አባቴ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ሞተሩ ሲቆም በአንድ በኩል የታመቀው ጋዝ ግፊቱ እስኪመጣጠን ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ወዲያው ከተነሣ ያንን ግፊት መግፋት አቅቶት ያጓራል፣ ይግላል፣ ሲከፋም ይቃጠላል። ዛሬ በየቤቱ የሚገባው ስታቢላይዘር መብራት ሲመጣ ቶሎ ኃይል የማይለቀው አንዱ ለዚሁ ነው። የእናቴ ስታቢላይዘር ጀበና ነበር።

አደጋው የደረሰው በአንድ የገና ሰሞን ነው፤ እጁ ያለበት ደግሞ የእናቴ ታናሽ ወንድም። እናቴ ገበያ ሄዳለች፤ አጎቴ የራሱን ድርሻ፣ ሰማያዊ ክር የታሰረውን ሙዳ ሊያወጣ ፈለገ። ሥጋው ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጋግሯል። ቢላ አመጣ። አንዴ፣ ሁለቴ ፈነቀለ፤ ከዚያ ፍስስ የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። አጎቴ ቢላውን አስቀምጦ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋውና ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ማንበብ ጀመረ። ያ በረዶ ቤት ከስስ አልሙኒየም የተሠራ ነው፤ ጋዙ የሚዘዋወርበት መንገድ እዚያው ግድግዳው ውስጥ ነው ያለው። ሞተሩ እስከ ማታ ሳያቋርጥ ሠራ፤ ቴርሞሜትሩ ግን ወደ ላይ ወጣ።

እናቴ አልጮኸችም። ሥጋው ሁሉ ወጣ፤ ክሮቹ እየታዩ ለየባለቤቱ ተላከ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተመልሶ መጣ፤ «አንቺው አድርጊልን» ተብሎ። በማግስቱ የግቢው ሴቶች መክተፊያቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። ሲዘለዘል፣ በጨውና በበርበሬ ሲታሽ፣ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ገመድ ሲወጠር ዋለ። ልጆች ጭራ ተሰጥቶን ዝንብ እናባርራለን። የስኳሩ መድኃኒት አባቴ በሚሠራበት ጤና ጣቢያ አደረ። እናቴ ያን ቀን ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ የተበላሸው ዕቃዋ አይመስልም።

ፍሪጅ ሠሪው ከመርካቶ መጣ፤ ጋዝ የሞላ ሲሊንደሩን በታክሲ ጭኖ። ከቢላው ቀዳዳ በፊት የፈተሸው የበሩን ጎማ ነበር። ከኪሱ አንድ ብር አወጣ፤ ብሩን በበሩና በጎማው መሐል አድርጎ ዘጋና ሳብ አደረገው። ብሩ ያለ ምንም ችግር ወጣ። ዝቅ ብሎ ሌላ ቦታ ሞከረ፤ እዚያ ያዝ አደረገው። እንዲህ በሩን ዙሪያውን በአንድ ብር ከለካው በኋላ፣ «እትዬ፣ ጋዙ ባይወጣም ይኼ ጎማ ገንዘብዎን ሲበላ ነው የኖረው» አለ። ጎማውን በፍል ውሃ እየነከረ አለሰለሰና በጣቱ እየሳበ መልሶ ቅርጽ አስያዘው። ቀጥሎ የሳሙና አረፋ በበረዶ ቤቱ ላይ ቀባ፤ ከእርሳስ ጫፍ የማትበልጥ ቀዳዳ ላይ አረፋው ተነፋ። ዘጋት፣ አየሩን በፓምፕ አወጣ፣ ጋዝ ሞላ። ሒሳቡን የከፈለው አጎቴ ነው፤ በሁለት ወር ደመወዝ።

ያ ጋዝ ፍሪዮን 12 ይባላል። እኛ ሳናውቀው ከእኛ ሳሎን ርቆ ጉዱ የወጣ ጋዝ ነው። ሰማይ ላይ ያለውን የኦዞን ሽፋን እንደሚያሳሳ ስለታወቀ እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ እንደኛ ላሉ አገሮች እስከ 2010 ድረስ ጊዜ ተሰጥቶ ምርቱና ንግዱ እንዲቆም ተደረገ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍሪጃችን ዳግመኛ ጋዝ ሲያጥረው የመጣው ሌላ ሠሪ ራሱን ነቀነቀ። አዲሱ ጋዝ ዓይነቱ ሌላ ነው፤ ከድሮው ሞተር ዘይት ጋር አይስማማም፤ ዝም ብሎ ቢሞላ ሞተሩ ደርቆ ይጣበቃል። «ዕድሜውን በልቷል» ተባለ።

አባቴ በዚያ ሰሞን የሠራው የመጨረሻ ጥገና የበሩን መቆለፊያ በመፍቻ ፈትቶ መጣል ነበር። ልጅ ሲጫወት ገብቶ ከውስጥ ሊከፍተው እንዳይቸገር ነው። እናቴ ግን ፍሪጁን ለምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ ገዢዎች አልሸጠችውም። ወደ ማጀት አስገፋችው። ሽሮዋን፣ በርበሬዋን፣ ቋንጣዋን፣ ድርቆሿን በየመደርደሪያው ደረደረች። አይጥ አይገባበትም፣ እርጥበት አይገባበትም፣ በሩ ግጥም ይላል። መብረድ ሲያቆም ሙሉ እምነቷን ሰጠችው።

በምትኩ የተገዛው አዲሱ ፍሪጅ ባለ ሁለት በር ነበር፤ ብርሃን ከውስጡ ይወጣል። የመጀመሪያው ታኅሣሥ ላይ ግን ጉድ አመጣ፤ ከላይ በረዶ ቤቱ ያለው ሥጋ መለስለስ ጀመረ። ተበላሽቷል ብለን ልንመልሰው ስንል አባቴ የጀርባውን ጽሑፍ በመነጽር አነበበ። ይህ ዓይነቱ ፍሪጅ የተሠራው ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ለማያንስ ክፍል ነው። የእኛ ሳሎን በታኅሣሥ ሌሊት ከዚያ በታች ይወርዳል። ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ቴርሞስታት ያለው በታችኛው ክፍል ስለሆነ፣ ቤቱ ራሱ ቀዝቅዞ ሲጠብቀው «በቂ በርዷል» ብሎ ይተኛል፤ የላይኛው በረዶ ቤት ደግሞ ይቀልጣል። የአዲስ አበባን ብርድ ያላሰበ ፋብሪካ ነው። አባቴ ከሳሎን ሞቅ ወዳለ ክፍል አዛወረውና ጉዳዩ ተዘጋ። ፍሪጅ ከሳሎን የወጣው እንግዲህ በዘመናዊነት ሳይሆን በብርድ ነው።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ወደ ኮንዶሚኒየም ገባች። እዚያ እያንዳንዱ በር የየራሱ ፍሪጅ አለው፤ ክር የታሰረ ላስቲክ ይዞ የሚመጣ የለም። ግንቦት 2011 ላይ የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ፍሪጁን እያየ ሲጨነቅ እሷ በየባዶው ቦታ ውሃ የሞላ ሃይላንድ አስገባች፤ ውሃው ሲጋገር እንዳይፈነዳ ከአንገቱ በታች ጎደል አድርጋ። ባዶ ፍሪዘር ብርዱን ቶሎ ይለቃል፤ በረዶ የሞላው ይዞ ይቆያል። መብራት ሲሄድ በሩን ትዘጋና ቀሚሷን ሰብስባ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤ ማንም እንዳይከፍት። የልጅ ልጆቿ ቀልድ መስሏቸው ይስቁ ነበር።

እኔ ግን ይህን ዘዴዋን ከዚያ በፊት አይቸዋለሁ፤ በስልክ። እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ጋራዧ ውስጥ ዲፕ ፍሪዘር አላት፤ ከአገር ቤት የተላከ በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ንጥር ቅቤ፣ እንጀራ፣ ለመስቀል የተገዛ ሁለት በግ የሚያህል ሥጋ። ሰኔ 22 ቀን 2004 ዓ.ም. ማታ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ደርሶ በዋለበት ዕለት፣ ዴሬቾ የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ አካባቢውን መትቶ ዛፉን ከነሥሩ ጣለው። በዋሽንግተን ዙሪያ ብቻ ከሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት አጣ፤ ብዙ ቤት ለቀናት። የአሜሪካኖቹ ምክር ሙሉ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ይቆያል፣ ግማሽ ከሆነ 24፣ ፍሪጅ ደግሞ 4 ሰዓት ብቻ ነው። እህቴ የደወለችው ሁለቱ ቀን ካለፉ በኋላ፣ ስልኳን መኪና ውስጥ ቻርጅ አድርጋ ነው።

«እማዬ፣ መብራት የለም። ሥጋው ሊበላሽ ነው።»

«ስንት ጊዜ ከፈትሽው?»

«አልከፈትኩትም።»

«ጎሽ። አሁን ክፈቺውና እጅሽን አስገቢ። በረዶ አለበት?»

«መሐሉ አለበት፤ ጫፉ ለስልሷል።»

«ቢላ አለሽ አይደል? ዘልዝዪው።»

እህቴ ሳቀች፤ ከዚያ እንደማትቀልድ ገባት። ምድጃዋም በመብራት ስለሆነ ሌላ መላ የለም። ከሰል አንድዳ ደጅ በባርቤኪው ግማሹን ጠበሰች፤ ግማሹን ቀጭን አድርጋ ዘለዘለች። አየሩ እርጥብ ነው ስትላት እናቴ ጨውና በርበሬውን እንድታበዛ፣ ዝልዝሉ እርስ በርሱ እንዳይነካካ አራርቃ እንድትሰቅለው አዘዘች። የልብስ ገመድ ጋራዡ ውስጥ ተወጠረ፤ የልጆቿ ብስክሌት ከገመዱ በታች ቆሟል። ጎረቤቷ የሆኑ አሜሪካዊት አዛውንት የጋራዡን በር ተከፍቶ አይተው ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና፣ የራሳቸውን ፍሪዘር ዕቃ ይዘው መጡ።

በአራተኛው ቀን መብራቱ ሲመጣ ደወለች።

«ቋንጣው ደርቋል እማዬ። እንጀራው ግን ተጣለ።»

«በርበሬውስ?»

«በርበሬው ደህና ነው።»

«ቅቤውስ?»

«ቅቤውም ምንም አልሆነም፤ ቀልጦ ተመልሶ ረግቷል እንጂ ጣዕሙ ያው ነው።»

«ታዲያ ንጥር ቅቤን ማን ፍሪጅ ክተቺው አለሽ?»